የአዝማሪ ቤት ጨዋታ ወሰኑ የት ነው?
ስለ አንድ ስያሜ አፈታት የቀረበ ሒስ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በክብረ በዓል ቀን ካህናቱና ደብተሮቹ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽላቸውን እያንሿሹና ከበሮውን እየመቱ ማኅሌት ይቆማሉ። ከተራራው በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ከተማው የወረደ ሰው ደግሞ፣ በዚያው ቀን ማታ፣ በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ መሰንቆ የያዘ አዝማሪ በእንግዶች መካከል እየተዘዋወረ ሲዘፍን ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱ ሥራዎች በክብርም፣ በዓላማም፣ በቋንቋም የተራራቁ ናቸው፤ የፊተኛው የጸሎት፣ የኋለኛው የመዝናኛ ነውና። ይሁን እንጂ መዝሙር የሚለው ቃልና አዝማሪ የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው ከአንድ የግዕዝ ግሥ የወጡ ናቸው። ይህ የቃል ዝምድና ብቻውን ምንም ባያስረዳም፣ ከዚህ በታች ለሚመረመረው ጥያቄ በር ይከፍታል።

ጥያቄው ይህ ነው፤ በአዲስ አበባ «የአዝማሪ ቤት ጨዋታ» የሚባለው ነገር ራሱን የቻለ የሙዚቃ ዓይነት ነውን? ከሆነስ ከሌላው ዘፈን የሚለየው በምንድን ነው? ስለ ነገሩ የሚጽፉትም ሆኑ የሚከራከሩት ሰዎች ስያሜውን ሁሉም ያውቀዋል በሚል አሳብ ሳይፈቱት ያልፋሉ። በጭውውት ላይ ይህ አይጎዳም። ለማኅደር የሚሆን ድምፅ የሚቀርጽ ተማሪ ግን በመጀመሪያው ማታ ይቸገራል፤ መቅረጫውን የሚከፍተው መቼ ነው? የሚዘጋውስ መቼ ነው? የሚቀዳው ዘፈኑን ብቻ ነው ወይስ የእንግዳውንም ንግግር? የስያሜው ወሰን በአንዱ መንገድ ከተሰመረ አንዱ ይጠፋል፣ በሌላው መንገድ ከተሰመረ ሌላው ይጠፋል።

እስከ ዛሬ ከሚሰሙት አፈታቶች አራቱ ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው አፈታት ዓይነቱን በዜማውና በመሣሪያው ይወስናል። በዚህ አስተያየት የአዝማሪ ቤት ጨዋታ ማለት በመሰንቆ የሚታጀብ፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት የሚሄድ፣ ምቱም እስክስታ የሚያስወርደው ችክችካ የሆነ ዘፈን ነው። ይህ አፈታት ለጆሮ ቅርብ ስለ ሆነ ብዙ ደጋፊ አለው። ነገር ግን እያንዳንዱ ምልክት ሲመረመር የሌላም ሆኖ ይገኛል። አራቱ ቅኝቶች የሠርግ ዘፋኙም፣ የክራር ተጫዋቹም፣ የነሐስ መሣሪያ የታጠቀው የከተማ ባንድም ሀብት ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሰየመውን ሙዚቃ የመሠረተው በእነዚሁ ቅኝቶች ላይ ነው፤ የእርሱን ሥራ ግን የአዝማሪ ቤት ጨዋታ ብሎ የሚጠራ የለም። ችክችካውም በየሠርጉና በየድግሱ ይመታል። መሰንቆም ቢሆን የተሟላ ድንበር አይሆንም፤ አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ስመ ጥር የክራር ተጫዋቾች ከአዝማሪው ግጥም የማይርቅ ግጥም በክራር ተጫውተዋል፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህም በብዙ አዝማሪ ቤቶች ውስጥ ከመሰንቆው ጎን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ቆሟል። ኪቦርዱ በመግባቱ ብቻ ቤቱ አዝማሪ ቤት መሆኑ ቀረ የሚል ካለ፣ እርሱ የሚፈታው ጨዋታውን ሳይሆን ዕቃውን ነው።

ሁለተኛው አፈታት ዓይነቱን በዘርና በሙያ ወገን ይወስናል። የአዝማሪ ጨዋታ ማለት ከአዝማሪ ቤተ ሰብ የተወለደ፣ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ መሰንቆ የተማረ ሰው የሚጫወተው ነው ይላል። ለዚህ አሳብ ጠንካራ ድጋፍ አለው። ከጎንደርና ከጎጃም ወገን ሙያው በቤተ ሰብ ሲወርድ መኖሩ የታወቀ ነው፤ አዝማሪዎችም በመካከላቸው ብቻ የሚግባቡበት የምስጢር ንግግር እንዳላቸው ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ጥናት አሳይቷል። የራሱ የምስጢር ቋንቋ ያለው ማኅበር በእርግጥ ማኅበር ነው። ዳሩ ግን ማኅበሩን መፍታትና ጨዋታውን መፍታት አንድ አይደሉም። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደገው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከአዝማሪ ወገን አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸ፣ ከኢትዮጵያ ድምፃውያን ሁሉ በቀዳሚነት የሚጠራና በግጥም ጨዋታው የታወቀ ሰው ነው። አፈታቱ በዘር ከታሰረ በሸክላ ታሪክ ደጃፍ ላይ የቆመውን ይህን ሰው ከውጭ ያስቀረዋል። ከዚህም ሌላ፣ አዝማሪ የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን ከንቀት ጋር ሲነገር ስለ ኖረ፣ በዘር የሚፈታ ሰው ሳያውቀው ያንን ንቀት የሳይንስ ልብስ ያለብሰዋል። ዛሬ ከአዝማሪ ቤት የወጡ ወጣቶች «ድምፃዊ» ወይም «አርቲስት» መባልን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው አፈታት በቦታ የሚወስነው ነው፤ አዝማሪ ቤት የሚባል ቤት አለ፣ በዚያ ቤት የሚሰማው ሁሉ የአዝማሪ ቤት ጨዋታ ነው ይላል። አሳቡ ቀላልና ለቆጠራ የሚመች ነው። የቤቱም ታሪክ እውነተኛ ታሪክ ነው። አዝማሪው በጥንት ዘመን በመኳንንት ግብር ላይ፣ በሠርግ፣ በጠጅ ቤትና በጉዞ ላይ ይጫወት ነበር እንጂ በስሙ የተጠራ ቤት አልነበረውም። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው አካባቢ ሲወርድና አዲስ አበባ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ስትቆረቆር፣ የግብሩ አዳራሽም፣ በግብሩ የሚያድረውም አዝማሪ አብሮ ወረደ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ አፍኖት ከቆየ በኋላ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በካዛንቺስና በሌሎች ሰፈሮች አዝማሪ ቤቶች በዙ፤ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የመራው ፈንድቃ ከነዚህ ውስጥ ስሙ ወደ ውጭ አገር ጭምር የወጣ ነው። ነገር ግን በቦታ የሚፈታ ሰው ቦታው ሲፈርስ ምን ሊል ነው? ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት አብዛኛው ክፍሉ ፈርሷል። ቤቶቹ ከነአጥራቸው ሲነሡ ጨዋታው በዚያው ቀን ሞተ ማለት አይቻልም፤ አዝማሪው መሰንቆውን አንግቶ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷልና። በተቃራኒውም፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል መድረክ ላይ የአገር ልብስ ለብሶ፣ ሁልጊዜ ያንኑ የተጠና ዘፈን በዚያው ቅደም ተከተል የሚጫወት የመሰንቆ ተጫዋች በርቀት አዝማሪ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊቱ የተቀመጠው እንግዳ ቢለወጥም ባይለወጥም ዘፈኑ አይለወጥም። የዚህ ነገር ትርጉም ወደ ኋላ ይብራራል።

አራተኛው አፈታት በዘመን የሚወስነው ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፈረንሳይ አገር ካሳተማቸው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራዎች ሁለተኛው «ተጫወት» ተብሎ የተሰየመ ሲሆን፣ የንኡስ ርእሱም ትርጉም «የ90ዎቹ የከተማ አዝማሪዎች» የሚል ነው። ይህ ሥራ ጆሮውን ያልሰጠውን ዓለም ወደ አዝማሪ ቤት ያስገባ ስለ ሆነ ባለውለታ ነው። ስያሜው ግን ከተማንና ዐሥር ዓመትን እንጂ የጨዋታውን ባሕርይ አይናገርም። ይልቁንም አስተያየት የሚገባው ዋናው ርእስ ነው። «ተጫወት» የሚለው ትእዛዝ አድማጭ ለማንኛውም ሙዚቀኛ፣ ለክራር መቺውም ለዋሽንት ነፊውም የሚለው ቃል ነው። አዝማሪ ቤቱ የራሱ የሆነ ሌላ ትእዛዝ አለው፤ እርሱም «ተቀበል» የሚለው ነው።

የጉዳዩ ቁልፍ ያለው በዚህ ቃል ላይ ይመስላል። በአዝማሪ ቤት ውስጥ እንግዳው ተነሥቶ ወይም ከተቀመጠበት ሆኖ «ተቀበል!» ይላል፤ ከዚያም አንድ ስንኝ በንግግር ያወጣል። አዝማሪው ያንኑ ስንኝ ተቀብሎ በያዘው ዜማ ላይ ይዘፍነዋል፤ ሁለተኛው ስንኝ ይከተላል፤ ቤቱ ይመታል። ስንኙ የሚወዳትን ሴት ሊያወድስ፣ ጎን ያለውን ወዳጅ ሊወጋ፣ የሞተ ዘመድ ሊያስታውስ፣ ወይም በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ስለ ሹማምንት ሊናገር ይችላል። አዝማሪውም የተሰጠውን ብቻ አይመልስም፤ የእንግዳውን ስም፣ ልብስ፣ አገርና አብሮት የመጣውን ሰው አይቶ የራሱን ይጨምርበታል። ለምሳሌ አንድ እንግዳ ስለ እንጦጦ ብርድ የሚያማርር ስንኝ ቢሰጥ፣ አዝማሪው ብርዱን ከተራራው አንሥቶ እጁ ወደ ኪሱ በማይሄደው በእንግዳው ላይ ሊያወርደው ይችላል። ቤቱ በሙሉ ይስቃል፤ የተወጋውም እንግዳ ከመቆጣት ይልቅ ብር አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። መሸለሙ መሸነፉን በክብር ማመኑ ነው።

ስለዚህ የአዝማሪ ቤት ጨዋታ የሚፈታው እንዲህ ተብሎ ቢሆን ይሻላል፤ በታወቀ ዜማ ላይ፣ በዋጋ የሚጫወት ባለሙያና በፊቱ ያለ አድማጭ ስንኝ እየተቀባበሉ፣ በሌሎች አድማጮች ምስክርነት፣ በቦታው ላለው ሰው የሚበጁት የግጥም ጨዋታ ነው። በዚህ አፈታት ዜማው ዕቃ ነው፣ ግጥሙ በዕቃው ውስጥ የሚቀዳው ነው፣ አድማጩም ከቀጂዎቹ አንዱ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበረው አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ አዝማሪ ባሳተመው ጽሑፍ ርእስ ላይ አዝማሪውን ባለግጥም ሙዚቀኛ ብሎ መጥራቱ፣ ቃሉን ከድምፁ እኩል ለመመዘን የሚጋብዝ ነው። የሚጎድለው አንድ ነገር፣ ባለግጥሙ አንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን መጨመር ነው።

በዚህ አፈታት ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው፣ አፈታቱ ከልክ በላይ ሰፊ ነው የሚለው ነው። ለሰው የሚስማማ ግጥም በቦታው የሚፈጥር አዝማሪ ብቻ አይደለም። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ስምና ሥራ እየጠራች ታስለቅሳለች። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ በየደጃፉ ቆመው፣ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማ ያወድሱታል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸውን? አይደሉም፤ የሚለያቸውም ራሱ «ተቀበል» የሚለው ቃል ነው። ሙሾ አውራጇን ልቅሶ ቤቱ በለቅሶ ይቀበላታል እንጂ እንግዳ ተነሥቶ አያሸንፋትም። የላሊበሎቹ አድማጭ ምጽዋት ይሰጣል፣ ምርቃትም ይቀበላል፤ ስንኝ ግን አይሰጥም። በአዝማሪ ቤት ብቻ ነው አድማጩ ገንዘብም ቃልም የሚያወጣው፤ ዘፋኙም በፊቱ ያለውን ሰው ለመውጋት ፈቃድ የሚኖረው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ካሴትና ስለ ሸክላ ነው። አዝማሪዎች ያስቀረጿቸው ብዙ ሥራዎች አሉ፤ በነዚያ ላይ «ተቀበል» የሚል እንግዳ አይሰማም። በዚህ አፈታት እነዚያ ሁሉ ከውጭ ይቀራሉ ማለት ነውን? መልሱ እንዲህ ነው፤ ቅጂው የጨዋታው ዱካ ነው እንጂ ጨዋታው አይደለም። ዱካ ግን ዋጋ አለው፤ ማን እንዳለፈ ያሳያልና። ስሕተቱ የሚመጣው ዱካውን እንስሳው ነው ብሎ ሲለኩ፣ ማለትም በስቱዲዮ የተቀረጸውን ወስዶ ቅኝቱንና ምቱን ብቻ ቆጥሮ የዓይነቱን ድንበር ሲያሰምሩ ነው። የፊተኛው አፈታት ደካማነት የመነጨው ምናልባት ከዚህ ነው፤ ቅጂ የሚያስቀረው ዜማን ነውና፣ ከቅጂ የተነሣ ሰው ሁሉን ዜማ አድርጎ ያየዋል።

ይህ ክርክር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ባውንስ የሚባለው የሂፕ ሆፕ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ሲስፋፋ፣ ወሰኑ የት ነው የሚለው ክርክር በጥቂቱም ቢሆን ይህንኑ ይመስላል። በምቱ ይፈታ ቢባል፣ የባውንስ ዋና መሠረት የሆነው ምት የተወሰደው ሾውቦይስ የሚባሉ የኒው ዮርክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ካሳተሙት ሥራ ነው፤ የኒው ኦርሊንስን ሙዚቃ የኒው ዮርክ ያደርገዋል። ከተማይቱ ያንን የሰው ምት የራሷ ያደረገችው በላዩ ላይ በምታደርገው ነገር ነው፤ የጭፈራውን ቤት ሕዝብ በየሰፈሩ ስም እየጠሩ ያስመልሱታል፣ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ይመልሳል። በሜምፊስና በአትላንታ ያደገው ክረንክ የሚባለውም ሳይጮኽበትና ሳይመለስለት ራሱን አይሆንም። በሁለቱም በኩል፣ ድምፁን ብቻ የመረመረ ሰው የዕቃውን ዕድሜ ያገኛል፤ በዕቃው ውስጥ ምን እንደ ተቀዳ ግን አያገኝም። ልዩነትም አለ፤ በዚያ የሚመልሰው ሰፈር ነው፣ በአዝማሪ ቤት የሚሰጠው አንድ ሰው ነው። ይህም የአዝማሪውን አፈታት ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም።

የአፈታቱ ነገር ለምን የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ከታሪክ አንድ አሳዛኝ ማስረጃ አለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በነበሩት ሳምንቶች፣ ግራዚያኒ በከተማይቱና በአካባቢዋ ያሉት ወሬ ነጋሪ ዘፋኞች ከጠንቋዮችና ከዐዋቂዎች ጋር ተይዘው እንዲገደሉ አዝዟል። ይህ ሰው ስለ ቅኝትም ሆነ ስለ መሰንቆ ጭንቀት አልነበረውም። አዝማሪውን የፈራው ቃል ከሰው ተቀብሎ ለሰው የሚያቀብል ስለ ሆነ ነው። ጠላት በጭካኔ የተረዳውን ነገር፣ ተመራማሪ በቸልታ ሊያልፈው አይገባም።

አሁን ወደ እንጦጦ ማርያም መመለስ ያስፈልጋል። በማኅሌት ጊዜ ዜማው ቋሚ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ከቅዱስ ያሬድ የመጡ ተብለው ይጠበቃሉ፤ ምልክታቸውም በመጻሕፍት ላይ ተጽፎአል። ባለቅኔው የሚያቀርበው ቅኔ ግን ለዕለቱ የተፈጠረ ነው፤ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መድገም እንደ ነውር ይቆጠርበታል። ዜማው ያረጀ፣ ቃሉ አዲስ፤ ዜማው የሁሉ፣ ቃሉ የዕለቱ። ቅኔን በዜማው ብቻ ሊፈታ የሚነሣ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የለም፤ ቢኖርም ይሳቅበታል። እንግዲያውስ ከዚያው ግሥ ስሙን ያገኘውንና በዚያው በሰምና ወርቅ መንገድ የሚሄደውን የአዝማሪ ጨዋታ፣ በዜማውና በመሣሪያው ብቻ መፍታት ለምን ልክ ይሆናል? ማኅሌቱና አዝማሪ ቤቱ አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ካህኑም አዝማሪውም እንዲህ ያለውን አባባል አይቀበሉትም። አንድ የሆነው፣ አሮጌ ዜማን ለአዲስ ቃል ማደሪያ የማድረጉ ልማድ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ መመሪያ ቀላል ነው። ድምፅ የሚሰበስብ ተማሪ መቅረጫውን መሰንቆው ሲጀምር አይክፈት፤ እንግዳው ሲገባ ይክፈት። ስንኙን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ተሰጠ፣ ሳቁ የት ላይ እንደ ወጣ፣ ሽልማቱ መቼ እንደ ተለጠፈ ይጻፍ። የሰዎቹን ስም ለመደበቅ የሚያስፈልግ ከሆነ ይደበቅ፤ ዝምድናቸው ግን አይደበቅ። ኪቦርድ አለና ብሎ ቤቱን አይለፍ፤ መሰንቆ አለና ብሎም የሆቴሉን የተጠና ትርኢት ከአዝማሪ ቤት አይቁጠር። አንዱ ማታ በመካከሉ ጨዋታ ሆኖ፣ በመጨረሻው ትርኢት ብቻ ሆኖ ሊያድር እንደሚችልም ይወቅ፤ አፈታት የሚለካው በቤቱ ስም ሳይሆን በየስንኙ ነውና።

ቤቶች ይፈርሳሉ፣ ሰፈሮች ይነሣሉ፣ መሣሪያዎች ይለወጣሉ። የእንጦጦው ቤተ መንግሥት ወደ ታች ከወረደ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ አዝማሪው ግን ከአዳራሽ ወደ ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤት ወደ አዝማሪ ቤት እየተሻገረ ኖሯል። ይህን ሁሉ መሻገር የቻለው የያዘው ዕቃ ስላልተለወጠ አይደለም፤ በየደረሰበት «ተቀበል» የሚለው ሰው ስላላጣ ነው። ያ ሰው የጠፋ ዕለት፣ መሰንቆውና አራቱ ቅኝቶች በሙሉ ቢኖሩም፣ የሚፈታው ነገር አይኖርም።